ዶት ኮም፣ ዶት ኢቲ ወይስ ሌላ? ለአዲስ ስታርታፕ የዶሜን ቅጥያ ጥቆማ

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ የኮንዶሚኒየም ቤት ተረክበው ፊኒሺንግ የሚያሠሩ ሰዎችን ከቀለም ቀቢ፣ ከሴራሚክ ሠራተኛ፣ ከኤሌክትሪሺያንና ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ልንጀምር ነው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ያሉ ቤት ባለቤቶች ናቸው። የንግድ ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው። ለድረ ገጹ ዶሜን (አድራሻ) መጨረሻ፣ ማለትም ቅጥያ፣ ዶት ኮም፣ ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ዶት አፍሪካ ወይስ አሁን ወጣት ድርጅቶች የሚሽቀዳደሙበትን ዶት ኤአይ እና ዶት አይኦ እንውሰድ በሚለው ላይ መስማማት አልቻልንም። ልምዱ ያላችሁ ብትጠቁሙን ደስ ይለናል።

መልስ፣ ከአያት፦

በሥራችሁ ይቅናችሁ። ከቅጥያዎቹ ዋጋና ዝና በፊት፣ ደንበኛችሁ አድራሻችሁን በምን መንገድ እንደሚያገኘው ብትለዩ ምርጫው ይቀልላችኋል። የተላከለትን ሊንክ ተጭኖ የሚገባ ሰው ቅጥያውን አያነበውም። በየቀኑ የምንከፍታቸው የቴሌግራም ሊንኮች የሚያበቁት በዶት ኤምኢ ሲሆን፣ ይህም የሞንቴኔግሮ የአገር ኮድ፣ ማለትም ለአገሪቱ የተመደበ ቅጥያ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቻናል ሳይከፍት የቀረ ሰው ግን አላውቅም። በጆሮው ሰምቶ ወይም ከታፔላ አንብቦ በራሱ ጣት የሚጽፍ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእናንተ ሰፈር ደግሞ በአመዛኙ እንዲህ ነው። ቤቷን ስታስጨርስ ያየቻትን ጎረቤቷን ደረጃ ላይ አቁማ «በማን አሠራሽው?» የምትል አለች፤ የብሎኩ ጥበቃ ለጠያቂ በስልክ ይናገራል፤ ከባጃጅ ጀርባ የተለጠፈ ስቲከር የሚነበበው ባጃጁ እስኪያልፍ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ስሙን ይይዝና መጨረሻውን ከራሱ ይጨምራል፤ የሚጨምረውም ዶት ኮምን ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ስም በዶት ኮም ካለ እርሱን ውሰዱ፤ ከተያዘ ደግሞ ቅጥያውን ከመቀየር ስሙን ብትቀይሩ እመርጣለሁ። ገና ታፔላ አላሠራችሁም፣ ማኅተም አላስቀረጻችሁም፣ ፈቃዱም አልወጣም፤ ስም መቀየር እንደ አሁኑ የሚረክስበት ጊዜ አይመጣም።

ታላላቆቹን አይቶ መወሰን ብዙ አይጠቅምም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዶት ኮም፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በዶት ኢቲ፣ አዲስ ፎርቹን ጋዜጣ በዶት ኒውስ፣ የክፍያ ሥርዓቱ ቻፓ በዶት ሲኦ ይጠቀማሉ፤ ሁሉም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ምክንያቱም ስማቸው ከቅጥያው ቀድሞ ታውቋል ወይም ተጠቃሚያቸው የሚመጣው በሊንክ ነው። ዶት ሲኦ የኮሎምቢያ ኮድ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው ክፍት የተደረገ ነው፤ የክፍያ ሥርዓት ከሶፍትዌሩ ጋር ለሚያገናኝ ባለሙያ ምንም አያደናግርም። ቀለም ቀቢ ለሚፈልጉ እናት ግን «ሲኦ ብቻ ነው እማማ፣ ኤም የለውም» እያሉ በስልክ ማስረዳት የየዕለት ሥራችሁ እንዲሆን አትፈልጉም።

ወደ ዶት ኢቲ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚያልፈው ይህንን ነው። የአገራችን ኮድ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ክፍያው በብር ስለሆነ የዶላር ካርድ ፍለጋ አያስሄድም። ለምዝገባ የድርጅቱን ሕጋዊነት የሚያሳይ ሰነድ ማቅረብ ስለሚያስፈልግ፣ ስማችሁን አስመስሎ ለማጭበርበር የሚፈልግ ሰው እንደ ዶት ኮም በአምስት ደቂቃ ገዝቶት ሊሄድ አይችልም። የማያውቁትን ሠራተኛ ወደ ሰው ቤት ለምትልኩ ለእናንተ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው ዶት ኮም ዶት ኢቲ በሚለው ርዝመት ላይ ነው፤ በስልክ የሰማ ሰው የመጀመሪያዋ ኮም ላይ ያቆማል። ያ ዶት ኮም በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ የእናንተ ማስታወቂያ ለእርሱ ደንበኛ ይወስድለታል። እንግዲህ ዶት ኮም ዶት ኢቲን ብቻውን መያዝን አልመክርም፤ ፈቃዱ ሲወጣ በተጨማሪነት ወስዳችሁ ወደ ዋናው ዶት ኮም እንዲመራ አድርጉት።

ዶት አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረና ከደቡብ አፍሪካ የሚተዳደር ነው፤ ናይሮቢና ኪጋሊ ለመድረስ ላቀደ ድርጅት መልእክት አለው፤ ከገላን ሳይወጣ ለሚሠራ ግን ትርፉ አይታየኝም። ዶት ኤአይ የአንጉይላ ደሴት ኮድ ሲሆን ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ዶት አይኦ ደግሞ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ኮድ ነው፤ ብሪታንያ የቻጎስ ደሴቶችን ሉዓላዊነት ለሞሪሸስ ለማስረከብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ስምምነት ስለፈረመች የኮዱ የወደፊት ዕጣ ሲያከራክር ቆይቷል። የሰው አገር ኮድ የሚከራይ ሰው የዚያን አገር ፖለቲካም አብሮ እንደሚከራይ አትርሱ። ነፃ የሚባሉትን እነ ዶት ቲኬና ዶት ኤምኤልን በተመለከተ፣ ፍሪኖም የተባለው አዳያቸው፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከከሰሰው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ምዝገባ አቁሞ ኋላም ከሥራው ወጥቷል፤ በዚያ ላይ ሥራቸውን የገነቡ ምን እንደደረሰባቸው መገመት አያዳግትም።

አሁን ከቅጥያው ይልቅ እኔን ወደሚያሳስበኝ፣ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፋል ወደሚለው ልለፍ። የምትሠሩት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አማርኛም ኦሮምኛም በሚነገርበትና በሚጻፍበት ቦታ ነው። አማርኛን በላቲን የሚጽፍ ሰው «ቀ»ን አንዳንዴ በኬ አንዳንዴ በኪው፣ «ጠ»ን በቲ፣ «ጨ»ን በሲኤች ይጽፋል። በቁቤ የተማረ ወጣት ግን «ቀ»ን በኪው፣ «ጠ»ን በኤክስ፣ «ጨ»ን በሲ ነው የሚያውቃት፤ የሚጠብቀውን ፊደልም ደርቦ ይጽፋል። የራሳችሁ ሰፈር ፈጬ በሁለቱ አጻጻፍ እንዴት እንደሚለያይ ታፔላዎቹን አስተያይታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስለዚህ «ቀለም»ን ወይም «ጥገና»ን የመሰለ ቃል ያለበት ስም ስታስቡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን በቃል ብቻ እየነገራችሁ የተለያዩ ሰዎች በስልካቸው እንዲጽፉት አድርጉ፤ አንድ ሰፈር ካደጉ ጓደኞቻችሁ ይልቅ ሱቅ ጠባቂ፣ ሹፌር፣ ተማሪና አዛውንት ብትመርጡ ይሻላል። ሁለት አጻጻፍ ጎልቶ ከወጣ ሁለቱንም በዶት ኮም ግዙ፤ ሦስትና አራት ከወጣ ያ ስም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለተኛው የተሳሳተ አጻጻፍ በዶት ኮም፣ ከትክክለኛው ስም ሦስት የተለያዩ ቅጥያዎች ይልቅ ብዙ ደንበኛ ያመጣል የሚል እምነት አለኝ። በነገራችን ላይ ስሙን በንግድ ስም ምዝገባና በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል ሌላ ሰው እንዳልያዘው አረጋግጡ፤ ዶሜን መግዛት የንግድ ምልክት መብት አይሰጥም።

መልስ፣ ከለገጣፎ፦

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ዶት ኢቲን ወደ ሁለተኛ ረድፍ ማውረዱ ግን ለሁሉም የሚሠራ አይመስለኝም። እኛ ለመሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያ እናቀርባለን። ፕሮፎርማ ስናስገባ የግዥ ሠራተኛው በመጀመሪያ የሚያየው ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ራስጌው ላይ ያለውን ኢሜይል ነው፤ በዶት ኮም ዶት ኢቲ የሚያልቅ ኢሜይል አገር ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት መሆናችንን ሳንናገር ይናገርልናል። ጠያቂው ወደፊት ከሪል ስቴት አልሚዎች ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚዋዋል ከሆነ፣ ድረ ገጹ በዶት ኮም ቢሆንም ኢሜይሉን በዶት ኢቲ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ዶሜን የሚያስቡ ካሉም አንድ ነገር ልጨምር፦ ስሙ ከበስተጀርባ ወደ ላቲን ፊደል ኮድ ስለሚለወጥ፣ በአንዳንድ ቦታ ሲገለበጥ ማንም የማያነበው የፊደል ድርድር ሆኖ ይወጣል፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለጌጥ ካልሆነ አይመከርም።

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዶት ኮምን እንውሰድ ብንል ከማን እንግዛ? ማናችንም የዶላር ካርድ የለንም።

መልስ፣ ከአያት፦

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ የጋራ ሆስትን ከመሳሰሉ በብር ከሚቀበሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች መግዛት ነው፤ ዋጋው ከውጭው ትንሽ ከፍ ቢልም ችግር ሲገጥማችሁ በአማርኛ የምታናግሩት ሰው ታገኛላችሁ፤ ለጀማሪ ይህንን እመርጣለሁ። ሁለተኛው፣ ባንኮች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ቅድመ ክፍያ ካርድ አውጥቶ ከውጭ ሻጮች፣ ከኔምቺፕ ወይም ከክላውድፍሌር መግዛት ነው። ክላውድፍሌር በመነሻ ዋጋው ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ ነገር ግን የእርሱን ኔምሰርቨር (ዶሜኑን ከድረ ገጹ ጋር የሚያገናኘውን ሰርቨር) እንድትጠቀሙ ያስገድዳል። የዶት ኮም አስተዳዳሪ ቬሪሳይን ከመዝጋቢዎች (ዶሜን ከሚሸጡልን ድርጅቶች) የሚቀበለው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 10.26 ዶላር ስለሆነ፣ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ የሚቀርብ ዶት ኮም ካያችሁ የመጀመሪያው ዓመት ማባበያ ነው፤ መታየት ያለበት የማደሻው ዋጋ ነው። ዶት ኦንላይንና ዶት ሾፕ የሚባሉት ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል።

የዋጋ ነገር ከተነሣ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በዶላር ያልተለወጠ ክፍያ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አቅማችሁ ከፈቀደ ዶት ኮምን ለበርካታ ዓመት በአንድ ጊዜ ክፈሉ፤ እስከ 10 ዓመት ይቻላል። በራስ ሰር እንዲታደስ ማድረጉ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቅድመ ክፍያ ካርዱ ላይ ዶላር ከሌለ እድሳቱ ይከሽፋል። መዝጋቢው ጊዜው ከማለቁ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወሻ የመላክ ግዴታ አለበት፤ የሚልከው ግን በተመዘገበው ኢሜይል ነው። ጎሮ አካባቢ የማውቀው አንድ ድርጅት ዶሜኑን ያስመዘገበው በድረ ገጽ ሠሪው የግል ኢሜይል ነበር፤ ልጁ ውጭ አገር ሄደ፣ ማስታወሻው እርሱ ዘንድ ቀረ፣ ጊዜው አለፈ። ስሙ ወደ መቤዣ ጊዜው፣ ማለትም የቀድሞ ባለቤቱ ብቻ ሊያስመልሰው ወደሚችልበት 30 ቀን ከገባ በኋላ ለማስመለስ የሚጠየቀው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው፤ ያ 30 ቀን ካለፈ ደግሞ ማንም ይወስደዋል። ስለዚህ ባለቤትነቱ በድርጅቱ ስም፣ ኢሜይሉ ሦስታችሁም የምትገቡበት ይሁን፤ የኢሜይሉ አድራሻ ደግሞ በዚያው ዶሜን ላይ የተከፈተ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ዶሜኑ ሲዘጋ ማስታወሻው የሚደርስበት ሳጥንም አብሮ ይዘጋልና።