ፔፐር ስፕሬይ ቦርሳዬ ውስጥ ብይዝ ያስጠይቀኛል? (ባሕር ዳር)

ማታ ፈረቃ
ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ውስጥ ካሸር ነኝ። ሒሳብ ዘግቼ ስወጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልፋል። ቤቴ ሽምብጥ ነው። ባጃጅ ካገኘሁ እሰየው፣ ካጣሁ በእግሬ ነው፣ ዘንባባዎቹ ሥር ያለው መንገድ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ይከተለኛል። አልነካኝም፣ ግን ዘበኛው እየሰማ "አንድ ቀን ብቻሽን አገኝሻለሁ፣ ፊትሽን ነው የማበላሸው" ብሎኛል። አክስቴ ከአሜሪካ ለፋሲካ ልትመጣ ስለሆነ ፔፐር ስፕሬይ ላምጣልሽ ወይ አለችኝ፣ ያቺ ዓይን የምታቃጥለዋ ትንሽ ቆርቆሮ። በሻንጣ ማምጣት ትችላለች? ይዤው ብፈተሽስ? ደግሞ ጨንቆኝ ብረጨው ተከሳሿ እኔ ልሆን ነው?

ሻንጣ
አክስትሽን ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚያት። በአያታ (የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር) ሕግ ፔፐር ስፕሬይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው አይፈቀድም። ሰው የሚሳሳተው የአሜሪካ ኤርፖርት ፍተሻ በሚጫን ሻንጣ እስከ 118 ሚሊ ሊትር የሆነ አንድ ቆርቆሮ ስለሚያሳልፍ ነው። አየር መንገዱ ግን አልጭንም ይላል። በሽቶና በሎሽን መሃል ደብቃ ብታመጣው ደግሞ ጉምሩክ ላይ ዕቃው ምን እንደሆነ የሚወስነው ፈታሹ ነው፣ እሷ አይደለችም።

የፔዳ ልጅ
ምን ያካብዳል? ያልተከለከለ ነገር የተፈቀደ ነው። ይዘሽ ዙሪ።

ሕግ ነክ
የፔዳው ልጅ ግማሹን ልክ ነህ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ሕግ ወንጀል ያላለውን ድርጊት ፍርድ ቤት ወንጀል ሊያደርገው አይችልም ይላል። ችግሩ እሷን ፍርድ ቤት ከመድረሷ በፊት የሚያገኛት ፍተሻ ላይ የቆመው ፖሊስ ነው። ሰው ላይ ጉዳት ለማድረስ የተሠራ ቆርቆሮ ቦርሳሽ ውስጥ ሲያገኝ ሊወስደው፣ ጣቢያ ድረስ ሊያስኬድሽ፣ ሌላም ሊጠረጥር ይችላል፣ በተለይ በዚህ ጊዜ በዚህ ከተማ። የጦር መሣሪያን ነገር የሚገዛው አዋጅ 1177/2012 ነው፣ ቁጥጥሩም የፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ መያዝ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ፖሊስን በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። "አንድ ፖሊስ የማውቀው ችግር የለውም ብሎኛል" ፍተሻ ላይ አያድንሽም።

ብረጨውስ ላልሽው ሕጉ ግልጽ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከል አያስቀጣም፣ ግን ጥቃቱ እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። እጅሽን ይዞ ወደ ጨለማ ሲጎትትሽ ብትረጪበት አንድ ነገር ነው። ትናንት ዝቶብኛል ብለሽ ዛሬ ማኪያቶ ሲጠጣ ብትረጪበት ግን እሱ የግል ተበዳይ፣ አንቺ ተከሳሽ ትሆኛላችሁ፣ ክሱም በአካል ጉዳት ነው፣ እንደ ጉዳቱ መጠን አንቀጽ 555 ወይም 556። ልኩን ብታልፊስ? አንቀጽ 79 አለ፣ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልላል፣ ልኩን ያለፍሽው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣሽም ይችላል። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ መርጨት መከላከል አይባልም። ረጭተሽ ሩጪ።

ፍራንክፈርት
እዚህ ጀርመን እንስሳ መከላከያ ተብሎ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፣ ውሻ ለማባረር ማለት ነው፣ ሴቱ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ አለው። ለንደን ያለችው እህቴ ግን ብትያዝ እንደ ሽጉጥ ነው የሚቆጠርባት፣ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕጋቸው ክልክል ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ "እኛ ጋ እኮ ይቻላል" ሲል አትስሙት። እኔንም ጨምሮ።

ታንኳ
ሕጉን ተዉትና ነፋሱን ጠይቁ። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል። ያ ነገር የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ሜትር አይዘልም፣ ነፋስ ከፊትሽ ከመጣ ራስሽው ትቀምሺዋለሽ። ባጃጅ ውስጥማ አይታሰብም፣ ሸራው ወርዶ ከሆነ አንቺም ሾፌሩም ታለቅሳላችሁ።

ማታ ፈረቃ
እሺ፣ አክስቴን ነግሬያታለሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጠሽ ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊ አለችኝ። ይሄስ?

ሻንጣ
😂 ለጥሬ ሥጋ አስቀምጪው።

ነርሷ
አትሣቁ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሚጥሚጣው ታች ይዘቅጣል፣ የሽቶው ቀዳዳ ይደፈናል፣ በጨነቀሽ ሰዓት ስትጫኚው ሁለት ጠብታ ወጥቶ ጣትሽ ላይ ይቀራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ደቃቁ ፍሬ የዓይንን ብሌን ይቧጭራል፣ ዛቻውን ትተሽ በአካል ጉዳት የምትከሰሺው ያኔ ነው። አስም ያለበት ሰው ከሆነ የፋብሪካውም ቢሆን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። በስህተት የነካው ሰው ካለ ዓይኑን አይሽ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ዓይኑን ያርገብግብ። ቅቤም ቫዝሊንም አትቀቡት፣ ማቃጠሉን ቆዳ ላይ ይይዘዋል። በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ድረስ ይለቃል።

ባለ ባጃጅ
እታለም፣ የምትወጪበት ሰዓት ከታወቀ አንድ የምታምኚውን ሾፌር በወር ተስማሚ። እኔ ራሴ እንዲህ የማደርሳቸው ልጆች አሉኝ፣ ከመንገድ ከሚያዝ ይረክሳል። ከመንገድ ከያዝሽ ግን ከመግባትሽ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንስተሽ ለቤት ላኪ፣ ሾፌሩ እያየሽ አድርጊው፣ የሚናደድ ከሆነ አትሳፈሪ። ፊሽካም ያዢ። ፊሽካ ማንም አይቀማሽም፣ እዚህ ከተማ ሌሊት ፊሽካ ሲነፋ ዘበኛ ሁሉ ይወጣል።

ሕግ ነክ
ሁሉም ስለ ቆርቆሮው ሲያወራ ዋናው ነገር ተረሳ። ሰውዬው ፊትሽን አበላሻለሁ ማለቱ ራሱ ወንጀል ነው። አንቀጽ 580፣ ማስፈራራት፣ እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው። ነገር ግን በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነው፣ አንቺ ካላመለከትሽ ፖሊስ አይጀምረውም። አቤቱታውም ወንጀሉንና ሰውዬውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ካለፈ ያበቃለታል። ዘበኛው ሰምቷል ብለሻል፣ ምስክርሽ እሱ ነው። የደወለበት ወይም የጻፈልሽ ካለ አታጥፊው፣ ስክሪንሾት አንሺ።

ለአሠሪሽም ንገሪው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በትርፍ ሰዓት የምትሠሪ ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሰዓቱ ክፍያ በ1.75 ይባዛል፣ እሱን የማይከፍል አሠሪ ደግሞ ስለ ሰርቪስ ስትጠይቂው ቶሎ ይስማማል 😉

የፔዳ ልጅ
ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ዋጋ አለው እንዴ? "አልነካሽም እኮ" ብለው ነው የሚመልሷት።

ሕግ ነክ
ሊሉ ይችላሉ፣ ብለውም ያውቃሉ። ስለዚህ አንቀጹን ጽፋ ትሂድ። ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ካለው እዚያ ትግባ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ቢመጣባትና ብትከላከል፣ ቀድማ ማመልከቷ ለአንቀጽ 78 ክርክሯ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ማን ማንን ሲያሳድድ እንደነበር ያሳያል።

ማታ ፈረቃ
ዝርዝሩን አላውቅም ነበር፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ዘበኛው ጋሼም እመሰክራለሁ ብለዋል። ማመልከቻውን ራሴ ልጻፈው ወይስ ራፖር ጸሐፊ ጋ ልሂድ?

ሕግ ነክ
ራስሽ ጻፊው፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ፣ ይበቃል። ሁለት ኮፒ አድርጊውና በአንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስመቺ።