ሜዳውን ሞልቶ ለሚጠብቀኝ ተቃዋሚ ምን ልግዛ? (ዩ-ጊ-ኦ፣ 40 ዶላር አለኝ)

ናቲ ብሉ አይስ
ሰላም ወገን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) አካባቢ የካርድ ጨዋታውን ዩ-ጊ-ኦን እወዳደራለሁ። ዴኬ (የምጫወትበት የካርድ ስብስብ) በነጭ ዘንዶ የሚመራው ብሉ አይስ ነው። ሁለት ነገር እየገደለኝ ነው። አንደኛ፣ ከዴክ ካርድ ላወጣ ስል ሁሉም ሰው ያንን የሚያከሽፈውን ካርድ፣ አሽ ብሎሰምን፣ ከእጁ ይወረውርብኛል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የጀመረ ተቃዋሚ ሩብ ሰዓት ሲደረድር ይቆይና የማደርገውን ሁሉ የሚያከሽፉ አራት ጭራቆች ይዞ ይጠብቀኛል። ምን ልግዛ? ከየትስ? ከፎቁ ሱቅ፣ ከምድር ቤቱ ወይስ ኦንላይን?

ምድር ቤት ለዘላለም
ምድር ቤቱ። ሌላ ጥያቄ?

ሻይ በሎሚ
ኦንላይን እንዳትሞክራት! እኔ ከአንድ ሻጭ ሦስት አሽ ብሎሰም በርካሽ አግኝቼ ዘልዬ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። መጡ። ኮሪያኛ! ዳኛው ዴኬን አገላብጦ «ይሄ እዚህ አይፈቀድም» አለኝ። ለካ የኮሪያና የጃፓን ካርድ አሜሪካ ውድድር ላይ አይገባም። የመግቢያ ከፍዬ ቁጭ ብዬ ሰው ሲጫወት አየሁ። ሻጩ ብሬን መልስ ብለው እስካሁን ዝም።

ጋሽ ኮምቦ
ማስታወቂያው ላይ ኮሪያኛ ይላል አይልም?

ሻይ በሎሚ
ይላል። ግን ታች ነው፣ በደቃቅ ፊደል።

ጋሽ ኮምቦ
እንግዲያው መግዛት የነበረብህ መነጽር ነው።

ሻይ በሎሚ
አንተ ተበልተህ አታውቅም መቼም። ሻጩ ዘመድህ ነው እንዴ?

የሶልያና እናት
ይቅርታ ልጆች፣ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጄ ይሄንኑ ጨዋታ ጀምራለች። የካርድ ማልበሻ ላስቲክ ገዛሁላት፣ ካርዱ ውስጡ ይዋልላል። ተታልዬ ነው?

ሁለተኛ ተራ
አልተታለሉም እትዬ። የገዙት የፖክሞን መጠን ነው። የፖክሞን ካርድ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዩ-ጊ-ኦ 59 በ86። ሱቅ ሲሄዱ «የጃፓን መጠን» ይበሏቸው። ያኛውንም አይጣሉት፣ ፖክሞን መጀመሯ አይቀርም።

አቤል 08
ናቲ፣ ማክስ ሲ ግዛና ተገላገል። ተቃዋሚህ በልዩ ጥሪ ጭራቅ ባወጣ ቁጥር አንተ ካርድ ትስባለህ።

ሁለተኛ ተራ
አቤል፣ አንተ የምትለው የስልኩን ጨዋታ፣ ማስተር ዱኤልን ነው። በወረቀቱ እዚህ አሜሪካ ማክስ ሲ ከታገደ ዓመታት ሆነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ናቲ፣ ለብሉ አይስ መጀመሪያ የምገዛው ካይጁ ከሚባሉት ጭራቆች አንዱን ነው። ጋሜሲኤልን ውሰድ። የተቃዋሚህን አንድ ጭራቅ መሥዋዕት አድርገህ ጋሜሲኤልን እሱ ሜዳ ላይ ታስቀምጥለታለህ። ዒላማ አያደርግም፣ አያወድምም። ስለዚህ ከሁለቱም የተጠበቀ ጭራቅ እንኳን አያመልጥም። ጉልበቱ 2200 ነው፣ ያንተ ነጭ ዘንዶ 3000። ቁርስ ነው የሚያደርገው። ዋጋውም አይጎዳም።

አንድ ጭራቅ ብቻ ነው ግን የሚያነሳልህ። አራት ለደረደረ ሰው ዳርክ ሩለር ኖ ሞር ይሻላል። የጭራቆቹን ችሎታ ሁሉ እስከ ዙሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ በጭራቅ መልስ መስጠትም አይቻልም። ጣጣው በዚያ ዙር ተቃዋሚህ ነጥብ አይጎድልበትም። ስለዚህ ሜዳውን ጠርገህ ለቀጣዩ መደርደር ነው።

ኒቢሩን ሁሉም ይመክርሃል። በአንድ ዙር አምስት ጭራቅ ሲጠራ ሜዳውን ሙልጭ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን ልምድ ያለው ሰው አራተኛው ላይ የሚያከሽፍ ጭራቅ ያወጣና ነው አምስተኛውን የሚጠራው። ሦስት ጊዜ በልቶኛል። አልወደውም።

ለአሽ ብዙ ገንዘብ አታውጣ። አሽ በዙር አንዴ ብቻ ነው የምትሠራው። ቢከሽፍ የማይቆጭህን ካርድ አስቀድም። አሽን በዚያ ካርድ ላይ ከወረወረ በኋላ ዋናውን ታወጣለህ። ኮልድ ባይ ዘ ግሬቭም ይረዳል። አሽ መቃብር (ያገለገሉ ካርዶች ክምር) ስትገባ ከዚያ ያስወጣትና ያከሽፋታል። ስንት እንደሚፈቀድ ግን የጨዋታውን አዘጋጅ የኮናሚን የእገዳ ዝርዝር አይተህ ግዛ፣ ይቀያየራል። ካይጁና ዳርክ ሩለር ሳይድ ዴክ ውስጥ፣ በጨዋታዎች መሃል ከምትቀይራቸው 15 ተጠባባቂ ካርዶች ጋር፣ ይግቡ። ሁለተኛ ስትጀምር ወደ ዋናው ዴክ ታስገባቸዋለህ።

ናቲ ብሉ አይስ
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ! ምድር ቤቱ ካይጁ አለው?

ምድር ቤት ለዘላለም
የለውም። ዳርክ ሩለርም አልቋል። ግን ባለቤቱ ሰው ነው፣ ሰው! ክረምት ላይ ሻይ ያፈላልናል።

ጋሽ ኮምቦ
እሺ፣ ጭራቆቹን ሻይ እናጠጣቸው።

ፎቅ ላይ ነኝ
ሁለቱም ፎቁ ላይ አሉ፣ ዛሬ አይቻለሁ። በነጠላ ነው የሚሸጡት። የታሸገ ፓኬት ገዝተህ ዕድልህን አትሞክር፣ 40 ዶላርህ በማትፈልገው ወረቀት ያልቃል።

ምድር ቤት ለዘላለም
ፎቁ ላይ ወንበሩ ወገብ ያስቆርጣል።

ሻይ በሎሚ
ፎቁ ሱቅ የኮሪያ ካርድ ይገዛል? ሦስት አሉኝ።

የሶልያና እናት
የጃፓን መጠን አገኘሁ፣ ልክክ አለ። ተባረክ ልጄ። ፖክሞንም ጀመረች።

ሁለተኛ ተራ
ናቲ፣ በመጨረሻ የትኛውን ገዛህ?

ናቲ ብሉ አይስ
ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ወደ ፎቁ ሱቅ የሚነዳ ሰው አለ? ባቡሩ አስቸግሮኛል፣ የነዳጅ እካፈላለሁ።