አያቴ በ1970 ሐረር ግንባር ነው የሞተው፣ መቃብሩን ፍለጋ ከየት ልጀምር?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ አባት ድሬዳዋ ሸሚንደፈር (ባቡር ድርጅት) ይሠራ ነበር፣ በ69 ሶማሊያ ስትወረን ሚሊሻ ገብቶ በዚያው ቀረ። መርዶው የመጣው የ70 ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አሁን ጉልበቷ ደክሟል፣ ሳልሞት አፈሩን ልንካው እያለችኝ ነው። እጃችን ላይ ያለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ሴት አያቴ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ደብቃ ያቆየችው፣ ታኅሣሥ 70 ከባቢሌ የጻፈው። ከላይ ክፍሉን ጽፎ ነበር ግን ወረቀቱ የታጠፈበት ቦታ ላይ ተቀዶ ቁጥሩ ሄዷል፣ "ሻለቃ" የሚለው ብቻ ነው የሚነበበው። ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ስለ ፍየሏ ይጠይቃል፣ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ጓደኛውን ንስሐ አባቱ በጸሎት እንዲያስቡለት ይለምናል፣ በቃ። አንድ ጎረቤታችን "ሐረር ፈረንጆቹ መቃብር አጠገብ ነው" ይሉ ነበር እሳቸውም አርፈዋል። ሄጄ አየሁት፣ የኛ ሰው ስም የለበትም። ግራ ገባኝ።

ሸንኮር፦
እህቴ ያየሽው የእንግሊዝ ጦር መቃብር ነው፣ በ1933 ጣሊያንን ያስወጡት፣ ሐረርን መጋቢት 17 ነው የያዟት። በ70 የሞተ ሰው እዚያ ውስጥ አትፈልጊ። ግን ጎረቤትሽ በ70 ከኛ ጎን የተዋጉትን ኩባዎቹንም ማለታቸው ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ለኛ ሰው ነጭ ሁሉ ፈረንጅ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ኩባ በ1982 የልጆቿን አጽም ወደ አገሯ ወስዳለች፣ ምልክቱ ጠፍቷል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሐረር የነበሩ ሽማግሌዎችን "ኩባዎቹን የት ነበር የሚቀብሩት" ብለሽ ጠይቂ፣ "አያቴ የት ተቀበረ" ከማለት ይሻላል።

የወታደር ልጅ፦
አባቴ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነበር፣ አጎቴ ደግሞ እንዳንቺ አያት ሚሊሻ። መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ግንባር ላይ ነው የወደቀው ወይስ ቆስሎ ሐረር ገብቶ ነው። የወደቀ ሰው እዚያው በወደቀበት ነው አፈር የሚቀምሰው፣ አንዳንዴ አምስት ስድስት ሆነው አንድ ጉድጓድ። ቆስሎ መጥቶ የሞተ ግን ከተማው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የመቀበር ዕድል አለው። ደብዳቤው ከባቢሌ፣ ወሬው ከሐረር ከሆነ እኔ ቆስሎ መጥቷል እላለሁ። ጊዜውም ጠቧል፣ ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ ያለውን ብቻ ፈልጊ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ቄሶቹን በዓለም ስሙ እንዳትጠይቂ! እኛ አጎቴን በዓለም ስሙ ስንፈልግ ሁለት ዓመት ባከነን፣ ቄሱ የጻፉት በክርስትና ስሙ ኖሮ መዝገቡ ላይ ሦስቴ አልፈነዋል። የአያትሽን ክርስትና ስም ታውቂያለሽ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሴት አያትሽ በባላቸው ጡረታ ይወስዱ ነበር? ከነበረ ፋይሉን አስወጪ፣ የተቀደደው የክፍል ቁጥር እዚያ ሊኖር ይችላል። እኔም ሸሚንደፈር ነበርኩ፣ የኛ የግል ማህደር በፈረንሳይኛ ነበር የሚጻፈው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነበር፣ 1978 የሚል ብታይ አትደንግጪ የኛው 70 ነው። ስሙም በፈረንሳይኛ ሆሄ ተጣሞ ይጻፍ ስለነበር ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ፈልጊው። እናትሽን በርቺ በይልኝ።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረታውን ትወስድ ነበር፣ ደብተሩን አግኝተነዋል። የክርስትና ስሙን እናቴ አታውቀውም ነበር፣ አሁን ማታ ለታላቅ እህቷ አዲስ አበባ ደወልንላት። ኃይለ ሚካኤል ነው አለችን። ጓደኛው አልነበረም። ስለራሱ ነበር የለመነው፣ እኛ ይሄን ሁሉ ዓመት ሌላ ሰው መስሎን። እናቴ ደብዳቤውን ተቀብላኝ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሐረር መድኃኔዓለም ነን፣ ከዚያ በየደብሩ በዚህ ስም እንጠይቃለን።