ከወሊድ ፈቃድ ለሚመለሱ ኦዲተሮች የደረጃ ዕድገት መለኪያ እንዴት ላውጣ?

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ትልቅ የኦዲትና የማማከር ድርጅት የጎንደር ቅርንጫፍ የሰው ኃይል ልማትና አካታችነት ኃላፊ ነኝ። የደረጃ ዕድገት የምንሰጠው በዋናነት በመስክ የሥራ ቀን ብዛት ስለሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ የወሰደች ባለሙያ በዓመቱ መጨረሻ ከባልደረቦቿ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ባሰብኩት ቁጥር የሚከነክነኝ ግን ከፈቃዱ በኋላ የሚሆነው ነው። ባለፈው ሰኔ በግድግዳ የተለጠፈውን የምደባ ሰንጠረዥ ስመለከት፣ ከወሊድ የተመለሱት የሁለቱ ስም ከደባርቅም ከመተማም ጉዞ ወጥቶ ቢሮ ውስጥ ደረሰኝ ማመሳከር ላይ ብቻ ሰፍሯል። አለቆቼ «አዝነንላቸው ነው» ይላሉ፤ እነሱን የጠየቀ ግን የለም።

የመስክ ቀንን በሥራ ጥራት መለኪያ የተካችሁ ካላችሁ፣ ለየመለኪያው ምን ያህል ክብደት እንደሰጣችሁና ቀን ሲያጠራቅሙ የቆዩትን ሠራተኞች ቅሬታ እንዴት እንዳስተናገዳችሁ ብታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።