ጥቁር አሰልጣኝ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ደንቡ የት ላይ ነው የሚላላው?

መሐል ሜዳ (ለንደን) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ያለው የወጣት አሰልጣኞች ማኅበራችን ከሊግ ክለቦች የቅጥር ኃላፊዎች ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይዟል። ለውይይቱ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። በደፈናው «ጥቁር አሰልጣኝ ቅጠሩ» ብሎ መግባት የትም እንደማያደርስ ተስማምተናል። በእንግሊዝ ክለቦችን የሚያስገድደው የቱ ነው፣ በፈቃደኝነት ላይ የቆመውስ የቱ? የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች ለዋና አሰልጣኝነት ከአናሳ ወገን እጩ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርጉ የሚያስገድደው የሩኒ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እየተሠራበት የጥቁር አሰልጣኞች ቁጥር ለምን ከፍ ብሎ ይመለሳል? ደግሞም አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ሊፈጽመው የሚችል ምን ብንጠይቅ ይሻላል? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብትጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው።

የመስመር ዳኛ መለሰ፦

ሰላም ወንድሜ። እንግሊዝ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ መጀመሪያ ለይታችሁ ግቡ፤ የክለቡ ሰው ግራ ሲያጋባችሁ እንዳትያዙ።

አንደኛው የኢኤፍኤል ደንብ ነው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉትን 72 ክለቦች ይመለከታል። በ2016/17 በአሥር ክለቦች ፈቃደኝነት ተሞከረ፣ በ2019 ለሁሉም የጸና ደንብ ሆነ። ክለቡ ለዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሲፈልግ ከጥቁር፣ ከእስያዊ ወይም ከሌላ አናሳ ወገን ቢያንስ አንድ እጩ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ነገር ግን የሚሠራው ክለቡ ከአንድ በላይ እጩ ይዞ ሙሉ የቅጥር ሂደት ሲያካሂድ ብቻ ነው። ቀዳዳው ይኸው ነው። አሰልጣኙ እሑድ ማታ ይሰናበታል፣ ሊቀመንበሩ ሰኞ ከአንድ ወኪል ጋር በስልክ ይነጋገራል፣ ረቡዕ ተተኪው ፎቶ ይነሳል። ሂደት ስላልነበረ የተጣሰ ደንብም የለም።

ሁለተኛው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በጥቅምት 2020 ያወጣው የአመራር ብዝኃነት ኮድ ነው፤ ሥራውን ከፊት ሆኖ የመራው የቀድሞው ተጫዋች ፖል ኤሊዮት ነው። ከ40 በላይ ክለቦች ፈረሙበት። ከአዳዲስ የአመራር ቅጥሮች 15 በመቶው፣ በወንዶች ክለቦች ከአዳዲስ የአሰልጣኝነት ቅጥሮች 25 በመቶው፣ ከከፍተኛ የአሰልጣኝነት ቅጥሮች ደግሞ 10 በመቶው ለጥቁር፣ ለእስያዊ ወይም ለቅይጥ ዘር ባለሙያዎች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። ለአመራር ቅጥሮች 30 በመቶ የሴቶች ግብም ነበረው። የፈረመው ክለብ ቁጥሩን ካልደረሰበት ግን የሚቀጣው አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ሲወጣም አብዛኞቹ ግቦች እንዳልተመቱ ታየ።

ሦስተኛው ከ2024/25 ጀምሮ የመጣው የመረጃ ግዴታ ነው፤ ክለቦች የሠራተኞቻቸውን ስብጥር በዕድሜ፣ በፆታ፣ በዘርና በመሳሰሉት ለእግር ኳስ ማኅበሩ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። በእኔ ግምት ከሦስቱ ጥርስ ያለው ይህ ነው። ቁጥር ካልተገለጠ ክርክሩ ሁሉ ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር። በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ መሠረት ኮታ አይፈቀድም። የሚፈቀደው ለተገለለው ወገን ሥልጠና መስጠት፣ እንዲያመለክት ማበረታታት፣ እንዲሁም ሁለት እጩዎች በብቃት እኩል ሲሆኑ በቡድኑ ውስጥ ያነሰውን ወገን መምረጥ ነው። ስለዚህ በጽሑፋችሁ ላይ «ይህን ያህል ቦታ ይከለልልን» ብላችሁ ከጻፋችሁ የክለቡ ጠበቃ በአንድ ደቂቃ ይዘጋባችኋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ መለሰ፦

የአሜሪካውን እኔ ልሙላ። በጥር 2002 ዴኒስ ግሪን ከሚኒሶታ፣ ቶኒ ደንጊ ከታምፓ ቤይ ተሰናበቱ፤ ሁለቱም ቡድኖቻቸውን ደጋግመው ለጥሎ ማለፍ ያበቁ ጥቁር አሰልጣኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጠበቆቹ ሳይረስ ሜህሪና ጆኒ ኮክራን ጥናት አውጥተው ሊጉን በክስ አስጠነቀቁ። ደንቡ የመጣው ከዚህ ጫና ነው። ስሙን ያገኘው ኮሚቴውን ከመሩት ከፒትስበርግ ስቲለርስ ባለቤት ከዳን ሩኒ ነው።

ገና በመጀመሪያው ዓመት ዲትሮይት ስቲቭ ማሪዩቺን ለመቅጠር ወስኖ ነበርና የተጋበዙት አምስት ጥቁር እጩዎች «ውሳኔው አልቋል» ብለው አንመጣም አሉ። ሊጉ የቡድኑን ፕሬዚዳንት 200,000 ዶላር ቀጣ። ቅጣቱ ክለቦችን እጩ መጥራት አስተማራቸው፤ እጩውን በእውነት ማየት ግን አላስተማራቸውም። በየካቲት 2022 ብራያን ፍሎሬስ ያቀረበው ክስ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ቃለ መጠይቅ ከማድረጉ ከቀናት በፊት ሥራው ለብራያን ዳቦል እንደተሰጠ የሚያሳይ የስልክ መልእክት ደርሶት ነበር።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚመለሰው ለምንድን ነው ላልከው፣ መልሱ ከዋናው አሰልጣኝ በታች ባለው መሰላል ላይ ነው። በየካቲት 2007 ደንጊና ላቪ ስሚዝ በሱፐር ቦውል ተገናኙ፤ ሁለት ጥቁር ዋና አሰልጣኞች ለዋንጫ ሲጋጠሙ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ጥቁሩን ማይክ ቶምሊንን ቀጠረ። ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቶች ለዋና አሰልጣኝነት የማጥቃት ክፍል አስተባባሪዎችንና የኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) አሰልጣኞችን መፈለግ ጀመሩ። ጥቁር ረዳት አሰልጣኞች ደግሞ በብዛት የተመደቡት በሯጮች፣ በተቀባዮችና በመከላከል በኩል ነው። ለዋናው ወንበር ቃለ መጠይቅ ማስገደድ ይህን አይነካውም።

ሊጉ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ2020 ለዋና አሰልጣኝነት ከክለቡ ውጭ ሁለት የአናሳ ወገን እጩዎች፣ ለአስተባባሪነት አንድ እንዲታይ አደረገ። በ2022 ደግሞ እያንዳንዱ ክለብ በማጥቃት ክፍሉ ውስጥ ሴት ወይም ከአናሳ ወገን የሆነ ረዳት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከሁሉም የምወደው ግን የድራፍቱ (ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ሽልማት ነው፦ ከአናሳ ወገን የሆነ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ ሠራተኛህ በሌላ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ወይም ጀነራል ማናጀር (የተጫዋች ምልመላ ኃላፊ) ሆኖ ከተቀጠረ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ተጨማሪ ምርጫ ታገኛለህ። ሳን ፍራንሲስኮ በሮበርት ሳላህ፣ በማይክ ማክዳኒየልና በዲሜኮ ራያንስ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። ሰው ማብቃት ለክለቡ ጥቅም ሲሆን ክለቡ ሰው ያበቃል።

አሁንም ያልተደፈነው ጊዜያዊ ቅጥር ነው። በኅዳር 2022 ኢንዲያናፖሊስ በኮሌጅም በሊጉም አሠልጥኖ የማያውቀውን ጄፍ ሳተርዴይን በጊዜያዊነት ሲሾም ደንቡ አልከለከለውም፤ ጊዜያዊ ሹመትን አይሸፍንምና።

ሁለተኛ ቡድን መለሰ፦

ከላይ ያሉት ሁለቱ ስለ ደንብ በደንብ ነገሩን። እኔ በክለቡ ውስጥ ስላለው አሠራር ልጻፍ፤ ማኅበራችሁ ሊለውጠው የሚችለው እሱ ነውና።

የእሑድና የረቡዑን ችግር የሚፈታው የተተኪዎች ማኅደር ነው። የስፖርት ዳይሬክተሩ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቦታ፣ ማለትም ለዋና አሰልጣኝ፣ ለምክትል፣ ለአካዳሚ ኃላፊና ከ18 እና ከ21 ዓመት በታች ላሉት ቡድኖች፣ ከስምንት እስከ አሥር ስም ይይዛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ያድሰዋል፤ አንዱን በጥር፣ ሌላውን ውድድሩ ሲያልቅ። ሰዎቹን ሄዶ ሲያሠለጥኑ ያያል፣ ማስታወሻ ይጽፋል። አሰልጣኝ በድንገት ሲሰናበት ሊቀመንበሩ የሚከፍተው ይህን ነው። ማኅደሩ ከሌለ የሚከፈተው የወኪሎች ስልክ ነው፤ ወኪሉም የሚያቀርበው ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማስታወቂያው። «በፕሪሚየር ሊግ የሠራ» የሚል መስፈርት እስከዛሬ የተገለሉትን ሰዎች መልሶ ያገላል፤ ቦታው ካልተሰጣቸው ልምዱን ከየት ያመጣሉ? መስፈርቱን በሁለት ክፈሉት፦ የግድ የሚያስፈልገው ላይሰንስና የሕፃናት ደህንነት ማረጋገጫ ነው፤ የቀረው ሁሉ «ቢኖር ጥሩ» ይባል። የላይሰንሱንም ደረጃ ከሥራው ጋር አመጣጥኑ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ኤ ላይሰንስ ለሚበቃው የአካዳሚ ሥራ ከፍተኛውን፣ ፕሮ የሚባለውን፣ መጠየቅ የተለመደ ስህተት ነው። ፕሮ ላይሰንስ ረጅምና ውድ ኮርስ ነው፣ ወንበሩም ጥቂት ነው፣ ለመግባትም በከፍተኛ ደረጃ እየሠሩ መገኘት ይረዳል። ሥራ የሌለው ላይሰንሱን አያገኝም፣ ላይሰንሱ የሌለው ሥራውን አያገኝም። ማስታወቂያው ቢያንስ ለ14 ቀን ክፍት ይሁን።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ዳኞች ይቀመጡ፤ ሁሉንም እጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ። ከዚያ በሜዳ ላይ የ30 ደቂቃ ልምምድና የጨዋታ ቪዲዮ ትንተና ይታከል። እያንዳንዱ ዳኛ ከ1 እስከ 5 ነጥቡን ከነምክንያቱ ጽፎ ያስረክባል፤ ውይይቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሊቀመንበሩ ቀድሞ «እኔ እገሌን ወድጄዋለሁ» ይላል፣ ሌሎቹም ነጥባቸውን ወደ እሱ ያስጠጋሉ። ከአምስት እጩ አንድ ብቻ ጥቁር ሲሆን ሰውዬው በችሎታው ሳይሆን በልዩነቱ ይታያል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አሰልጣኝ ከአሰልጣኝ ጋር ይነጻጸራል። አሜሪካኖቹ ወደ ሁለት ማሳደጋቸው ትክክል ነበር።

ለታችኛው መሰላል ደግሞ በ2020 ፕሪሚየር ሊጉ፣ ኢኤፍኤልና የተጫዋቾቹ ማኅበር የጀመሩትን የተጫዋቾች ወደ አሰልጣኝነት መርሐ ግብር ጥቀሱ። በየዓመቱ ስድስት አሰልጣኞችን ለ23 ወራት በኢኤፍኤል ክለቦች በክፍያ መድቦ ሲያሠራ ነበር የጀመረው። ቁም ነገሩ ክፍያው ነው። በነፃ ወይም ለሁለት ሰዓት የማታ ልምምድ በሚከፈል ገንዘብ ሁለት ዓመት መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደግፈው ሰው ብቻ ነው።

መሐል ሜዳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ክለቡ «እኛ ክፍት ነን፣ አመልካች ግን አይመጣም» ቢለን ምን እንመልስ? ሁለተኛ፣ ከአሰልጣኝ ይልቅ በዳይሬክተሮች ላይ ብናተኩር አይሻልም ወይ?

የመስመር ዳኛ፦

በሁለተኛው ልጀምር፤ አዎ፣ እኩል ክብደት ስጡት። ሌስ ፈርዲናንድ በ2015 የኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ የእግር ኳስ ዳይሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ክሪስ ራምሴይ፣ ቀጥሎም ጂሚ ፍሎይድ ሃሰልባይንክ ቡድኑን ያዙ። መራጩ የሚያውቃቸው ሰዎች ክበብ ሲሰፋ የእጩው ዝርዝርም ይሰፋል። ለዳይሬክተርነትና ለቦርድ ክለቦች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በቅጥር አፈላላጊ ድርጅት ስለሆነ፣ ግዴታው በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። ድርጅቱ የሚያመጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ምን ያህል የተሰባጠረ እንደሚሆን ካልተጻፈ ክለቡ «እነሱ ያመጡልን ይህንን ነው» ይላል።

ናታንያ ሰፈር መለሰች፦

ከእስራኤል አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው መሳይ ደጎ በ2023 ማካቢ ሃይፋን ሲይዝ እዚህ ያለው ማኅበረሰባችን በጣም ነው የኮራው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለክለቦች ስትናገሩ የአንድን ሰው ሹመት ማስረጃ አታድርጉት። እሱ ሲሾም «በሩ ተከፍቷል» የሚል ሰው እሱ ሲሰናበት «ሞክረነው አልሆነም» ይላል። ከነጭ አሰልጣኞች መካከል አንዱ ሲሸነፍ የሌላው ነጭ ዕድል አይዘጋም፤ ለእኛም መለኪያው እሱ መሆን አለበት። ስለዚህ ክለቦቹን ከተሰናበቱት ጥቁር አሰልጣኞች ስንቱ ሁለተኛ ሥራ እንዳገኘም ጠይቁ።

ሁለተኛ ቡድን፦

እህቴ የተናገረችው በጽሑፉ ውስጥ ይግባ።

«አመልካች የለም» ለሚለው የሚበጀው ደረጃ በደረጃ የተቆጠረ መረጃ መጠየቅ ነው፦ ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ በመጀመሪያው ማጣሪያ አለፈ፣ ስንቱ ቃለ መጠይቅ ተደረገ፣ ለስንቱ ሥራው ቀረበ። ለምሳሌ ከ100 አመልካች 30ው ጥቁር ሆኖ ከ10ሩ ተጣሪ አንዱ ብቻ ጥቁር ከሆነ የተበላሸው መስፈርቱ ነው። ሦስት ተጣርተው በተከታታይ ማንም ካልተቀጠረ የዳኞቹን የነጥብ ወረቀት አስመርምሩ። ከመቶው ሁለት ብቻ ካመለከቱ ማስታወቂያው የወጣበትን ቦታ ተመልከቱ፤ በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ለአምስት ቀን ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ክለቡ «ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይለያል» ብሎ በግላዊነት ሊያመልጣችሁ ይሞክራል፤ እውነትም አለው። መፍትሔው የሦስት ዓመት ቅጥሮችን በአንድ ላይ ደምሮ ማውጣት፣ ከአምስት በታች የሆነውንም «ከ5 በታች» ብሎ መጻፍ ነው። ጥያቄውን ለክለቡ የማኅበረሰብ ግንኙነት ክፍል ብቻ አትስጡ፤ እነሱ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የዋናውን ቡድን ቅጥር ግን አይነኩም። ለዋና ሥራ አስፈጻሚውና ለስፖርት ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ይድረስ፤ መልሱ የሚመጣበት ቀንም ስብሰባው ሳይበተን ይቆረጥ። የተሻለው ጊዜ ሚያዝያ ነው፤ ኮንትራቶች ከማለቃቸውና ውድድሩ ሲያልቅ የሚካሄደው ቅጥር ከመጀመሩ በፊት።