ክርክር፦ የወንዝ ዳር ቤቶቻችን ካርታ ላይ ይውጡ?

የሳምንቱ ጥያቄ፦ በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለውን ሰፈራችንን ወጣቶች በድሮንና በሳተላይት ምስል ካርታ ሊሠሩለት ይፈልጋሉ። ጎርፍ ቢመጣ ቀድሞ የሚያሰጋው የትኛው ቤት እንደሆነ፣ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ ያሳያል ተብሏል። ካርታውን ማንም ከፍቶ ያየዋል። እንፍቀድ ወይስ አንፍቀድ?

ቀያሹ፦ እንፍቀድ። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ውሃው ሁልጊዜ ከራሳችን ሰማይ አይመጣም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እኛ ከዚያ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለን ነው ያለነው። ላይ የዘነበው ከተማውን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርድ በእኛ በኩል ያልፋል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ላይ ሰፈር አስፋልትና ንጣፍ በበዛ ቁጥር ደግሞ መሬቱ የሚመጠው ይቀንሳል፤ ወደ እኛ የሚወርደው ይጨምራል። ይህን በራችን ላይ ቆመን አናየውም።

የወንዝ ዳሯ እናት፦ ልጄ፣ የምትለው ገብቶኛል። ግን የዚህ ሰፈር ሰው ከላይ ፎቶ ሲነሣ ለምን እንደሚደነግጥ አንተም ታውቃለህ። ሰነድ አልባ ይዞታ ሲጣራ ጥያቄው "በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ ቤትህ ይታያል?" የሚል ነበር። ያልታየለት ጨረቃ ቤት ተባለ። ዛሬ ለጎርፍ ተብሎ የተነሣ ፎቶ ነገ "አደገኛ ቦታ ላይ ናችሁ፣ ተነሡ" ማለቻ እንደማይሆን ማን ይፈርምልናል?

ባለታክሲው፦ እኔም ከእትዬ ጋር ነኝ። ኮሼን አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሻሻው ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ያ ክምር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሁላችን እያየነው ነው የተቆለለው። የጎደለን ሳተላይት አይደለም። እርምጃ የሚወስድ ነው የጠፋው።

ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ኮሼን ማንሣትህ ልክ ነው። ግን "እያየነው ነበር" ማለትና "ከአምና ወዲህ ይህን ያህል ከፍ ብሏል፣ ሥሩ ይህን ያህል ቤት አለ" ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ይዘህ ኃላፊ ፊት መቆም ትችላለህ።

ሳተላይት ብቻውን እንደማይበቃ እኔም አምናለሁ። ክረምት ላይ ደመናው ይሸፍንበታል። ሴንቲኔል አንድ የሚባለው በራዳር ስለሚያይ ደመና አያግደውም፤ ምስሉም በነጻ ይገኛል። ግን ቦያችን ጠባብ ስለሆነ እዚያ ምስል ላይ አይለይም። በቤቶች መካከል የገባ ውሃም ያሳስተዋል። ስለዚህ በእግር መዞር የግድ ነው። ዳሬሰላም ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ራማኒ ሁሪያ የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። ተማሪዎችና ነዋሪዎች በየመንደሩ ዞረው ቦዩን መዘገቡ። ውሃው እስከየት ደርሶ እንደነበር የሰፈሩን ሰው ጠየቁ። ድሮንም ተጠቀሙ። ለእኛም የምመኘው ይህንን ነው።

የወንዝ ዳሯ እናት፦ እሱንማ እኔም እነግራችኋለሁ። ውሃው የማን በር ጋ እንደደረሰ፣ የትኛው ድልድይ ሥር ፕላስቲክ ተጠራቅሞ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። የምፈራው መጻፉን ሳይሆን ወረቀቱን የሚይዘውን ሰው ነው።

ቀያሹ፦ እንግዲያው እትዬ፣ ወንዙ፣ ቦዩ፣ ድልድዩ፣ ውሃው የሚደርስበትና መሸሻ መንገዱ ብቻ ክፍት ይሁን። የባለቤት ስምና የይዞታ ጉዳይ ጭራሽ አይመዝገብ። ይህም ድሮኑ ሳይነሣ በጽሑፍ ይፈረምልዎት።

ባለታክሲው፦ ቤቱ ከላይ መታየቱ ይቀራል እንዴ?

ተማሪዋ፦ ቤቱማ ዛሬም ይታያል። ማንም በስልኩ የሳተላይት ምስል ከፍቶ ያየዋል። የማይታየው ውሃው የሚደርስበት ነው። በእጃችን ማስረጃ ከሌለ "ተነሡ" ስንባል ምን እንመልሳለን? ካርታው ካለን ግን "ቦዩ እዚህ ጋ ይስፋ፣ ግንብ እዚህ ይሠራ፣ በእርግጥ የሚያሰጋቸው ከዚህ በታች ያሉት ብቻ ናቸው" ብለን እንከራከራለን። ሌላ ሰው ለራሱ ሠርቶት ከሚመጣብን እኛ ብንሠራው ይሻላል።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ልጆች፣ ሌሊቱን ረሳችሁት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ የመጣው ሰው ተኝቶ ነው። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ጋ ማስጠንቀቂያ በስልክ ቢላክስ፣ ስልክ የሌላትን ባልቴት ማን ይቀሰቅሳታል? ከአልጋ የማይነሣውን ማን ይሸከመዋል? እነሱን የሚያውቃቸው የእድሩ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ካርታ ላይ አይወጣም። የመውጫ መንገዱ ግን በትልቁ ታትሞ ለጡሩምባ ነፊያችን ይሰጥ። ከየትኛው በር ጀምሮ እንደሚያንኳኳ ቀድሞ ይወቅ።

የወንዝ ዳሯ እናት፦ ይህ ሁሉ ከተጻፈና ከተፈረመ እኔ እፈቅዳለሁ።

ባለታክሲው፦ እኔ ገና አልፈቀድኩም። መጀመሪያ ፊርማውን ልየው።