ካንቼንጁንጋ የሄዳችሁ፣ ካምባቼን ላይ ስንት ሌሊት አደራችሁ?

ሰላም ወገኖች፣ የጉዞ እቅድ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። በጥቅምት ኔፓል ሄጄ የካንቼንጁንጋ ተራራን ሰሜናዊ ቤዝ ካምፕ፣ ፓንግፔማን ማየት አስቤያለሁ። ቦታው 5,143 ሜትር ላይ ነው። እንደ ኤቨረስት መንገድ ሰው አይበዛበትም፤ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

አስጎብኚው የላከልኝ ፕሮግራም መንገድ ላይ ያለችው ጉንሳ መንደር አንድ ቀን ያሳርፋል። ከዚያ ካምባቼን አድረን በማግስቱ ሎናክ። ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ካምባቼን 4,050 ሜትር ገደማ ነው፤ ሎናክ ደግሞ ወደ 4,780። በአንድ ቀን ከ700 ሜትር በላይ! የከፍታ ሕመም እንዳይዝ፣ ከ3,000 ሜትር በኋላ የመኝታ ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል።

አንድ ቀን ጨምርልኝ ስለው «አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ነህ፣ ምን አሰጋህ?» አለኝ። አዲስ አበባ እኮ 2,400 ሜትር ገደማ ናት! ራስ ዳሽንም ወጥቻለሁ፤ ግን ጫፉ ላይ አላደርኩም፣ ወዲያው ነው የወረድኩት።

እባካችሁ የሄዳችሁበት ንገሩኝ። ካምባቼን ሁለት ሌሊት ይበቃል? ወይስ ጉንሳም ላይ ልጨምር? ዲያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት) ሐኪም አዞልኛል፤ እናንተ ከየት ጀምራችሁ ወሰዳችሁ? በሄሊኮፕተር ማውረድን እስከ 5,500 ሜትር የሚሸፍን ኢንሹራንስ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል።